ከባዱና ቀላሉ ለምን እኩል ይወድቃሉ? ስበትና ኢነርሺያን ለማገናኘት የተደረጉ ሙከራዎች

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ እኩልነት ነው። በፊዚክስ ውስጥ እንደሱ ደጋግመው፣ ተጠንቅቀው የለኩት ነገር ጥቂት ነው። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ግን እስካሁን የተመለሰው ግማሹ ብቻ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

አንድ ከባድ ዕቃ ስታነሱ ወደ ታች ይጎትታችኋል። ይህ የስበት ሥራ ነው። አሁን ያንኑ ዕቃ ሰበቃ በሌለበት በረዶ ላይ አስቀምጡና ወደ ጎን ግፉት። ስበት ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አይስብም። ዕቃው ግን አሁንም በቀላሉ እሺ አይልም። ከቆመበት ለማስነሳት መግፋት አለባችሁ። አንዴ ከሄደ በኋላ ለማቆምም እንደዚያው። አውቶቡስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት የሚወረውራችሁም ይኸው ነው። ይህን እንቢተኝነት ነው ኢነርሺያ የምንለው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ዕቃ ምን ያህል እንደሚሳብና ምን ያህል እንቢ እንደሚል የሚወስነው ነገር አንድ የሚሆንበት ግልጽ ምክንያት የለም። ኤሌክትሪክን ተመልከቱ። ኤሌክትሮንና ፕሮቶን የተሸከሙት ቻርጅ በመጠን እኩል ነው። በአንድ የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ብታስገቧቸው እኩል ኃይል ያርፍባቸዋል። ፕሮቶኑ ግን ለመግፋት 1,836 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ኤሌክትሮኑ ሲፈተለክ ፕሮቶኑ ገና እየተንፏቀቀ ነው። በኤሌክትሪክ ዓለም መሳብና እንቢ ማለት የየራሳቸው ሒሳብ አላቸው።

በስበት ግን እንዲህ አይሆንም። ምድር አሥር እጥፍ የምትስበው ዕቃ ለመንቀሳቀስም አሥር እጥፍ እንቢ ይላል። ሁለቱ ይጣፋሉና አየር ካልገባበት ሁሉም እኩል ይወድቃል። የማይተዋወቁ ሁለት ሒሳብ ያዦች በየፊናቸው የያዙት መዝገብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ቢመሳሰል፣ አጋጣሚ ነው ብሎ የሚያልፍ ኦዲተር አለ? ፊዚክስ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፎታል።

ወርቅ፣ ስንዴና ሁለት ሳጥኖች

ብዙ ሰው ታሪኩን ከጋሊሌዮና ከዘመመው የፒዛ ግንብ ይጀምራል። ግንቡን ለጊዜው እንተወው። ጋሊሌዮ ከዚያ ላይ ኳስ መጣሉን የነገረን ተማሪው ቪቪያኒ ነው። የታሪክ ሰዎች ብዙም አያምኑትም።

ከጋሊሌዮ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ነገሩን ጽፎት ነበር። አርስቶትል ከባድ ነገር በክብደቱ ልክ ፈጥኖ ይወድቃል ብሎ አስተምሯል። ፊሎፖኖስ ደግሞ በክብደት በጣም የሚበላለጡ ሁለት ነገሮች ከአንድ ከፍታ ቢወድቁ የሚደርሱበት ጊዜ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም አለ። በ1586 ሲሞን ስቴቪን አንዱ ከሌላው አሥር እጥፍ የሚከብድ ሁለት የእርሳስ ኳሶችን ከ30 ጫማ ከፍታ ሳንቃ ላይ ጣለ። ያመነው ጆሮውን ነው። ሁለቱ ሳንቃውን ሲመቱ የተሰማው አንድ ድምፅ ነበር።

ጋሊሌዮ የጨመረው ዘዴ ነው። መውደቅ ለዓይን በጣም ይፈጥናል። ስለዚህ አዘገየው። በ1638 በታተመው መጽሐፉ የእርሳስና የቡሽ ኳስ በእኩል ክር አንጠልጥሎ ስለማወዛወዝ ይተርካል። ፔንዱለም ማለት ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ የሚወድቅ ነገር ነው። በአንድ ውዝዋዜ የማትታይ ልዩነት በመቶኛው ላይ ተጠራቅማ ትታያለች።

ኒውተን ይህን ዘዴ ወሰደና አጠራው። ሁለት እኩል የእንጨት ሳጥኖች በ11 ጫማ ክር አንጠለጠለ። አንዱን በእንጨት ሞላው። በሌላው መሃል የዚያኑ ያህል የሚመዝን ወርቅ አደረገ። ሳጥን ለምን አስፈለገ? አየሩ ሁለቱንም እኩል እንዲይዛቸው ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ፍጹም መንታ ናቸው፤ የሚለያዩት ሆዳቸው ውስጥ ባለው ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ወርቁን እያወጣ ብር፣ እርሳስ፣ ብርጭቆ፣ አሸዋ፣ ጨው፣ ውሃ፣ ስንዴ ሳይቀር አስገባ። ሁሉም አብረው ሄዱ፣ አብረው ተመለሱ። ልዩነቱ ከሺህ አንድ እንኳ ቢሆን አየው ነበር ይላል፣ በ1687 በወጣው ፕሪንሲፒያ።

እኔ ይህን ሙከራ በጣም ነው የምወደው። በታሪክ ከታዩት ትልልቅ ጭንቅላቶች አንዱ ሳጥን ውስጥ ስንዴ ሞልቶ ውዝዋዜ ይቆጥራል። የሒሳብ ሰው ነው ብለን ስለምናስበው ይህን ጎኑን እንረሳዋለን።

ታዲያ እኩልነቱን ምን ብሎ አስረዳው? ምንም። በቀመሩ ውስጥ በሁለቱም ቦታ አንድ መጠነ ቁስ አስገብቶ አለፈ። የስበት ምክንያት ምንድን ነው ሲባልም፣ በ1713 በወጣው ሁለተኛ እትም፣ መላምት አልፈጥርም ብሎ ቁርጡን ተናገረ።

ሌሎች ግን ፈጠሩ። በ1690 የኒውተን ወዳጅ ኒኮላ ፋቲዮ፣ በቀጣዩ ክፍለ ዘመን ደግሞ የጄኔቫው ዦርዥ ሉዊ ለሳዥ፣ ስበት መሳብ ሳይሆን መገፋት ነው አሉ። ጠፈሩ በየአቅጣጫው በሚበሩ ደቃቅ ቅንጣቶች ተሞልቷል። ሁለት አካላት ሲጠጋጉ አንዱ ለሌላው ይከልልለታል። በመካከላቸው ያለው ግፊት ይቀንስና ከውጭ ያለው ወደ አንድ ይገፋቸዋል። ግፊቱ ከመጠነ ቁስ ጋር እኩል እንዲሄድ ግን ቅንጣቶቹ የውስጡን ሁሉ እየዘለቁ መምታት አለባቸው። ምድር ራሷ ለእነሱ ባዶ ልትባል ምንም ያህል አይቀራትም። ሐሳቡ ያምራል። ግን እንዲህ በሚደበድብ ጠፈር ውስጥ ፕላኔቶች መዘግየት ነበረባቸው። በኋላ ማክስዌልና ፖዋንካሬ ሙቀቱን ሲያሰሉት፣ ከግጭቱ የሚወጣው ትኩሳት ምድርን የሚያተን ሆነ። በዚያው ቀረ።

ውሃው ከምን አንጻር ዞረ?

እስካሁን ስለ ስበት ነው ያወራሁት። ኢነርሺያስ? አንድ ነገር ፍጥነቴን አልለውጥም ሲል፣ ከምን አንጻር ነው የማይለውጠው?

ኒውተን ለዚህ ባልዲ አቀረበ። ውሃ ያለበት ባልዲ በገመድ አንጠልጥሉ። ገመዱን ደህና አድርጋችሁ አጠምዝዙና ልቀቁት። መጀመሪያ የሚዞረው ባልዲው ብቻ ነው። ውሃው ዝርግ ብሎ ቆሟል። ቀስ በቀስ ግን ባልዲው ውሃውን ይዞት ይዞራል። ያኔ ውሃው መሃሉ ይጎደጉድና በጠርዙ ላይ ሽቅብ ይወጣል። አሁን ልብ በሉ። መጀመሪያ ላይ ውሃው ከባልዲው አንጻር እየዞረ ነበር፤ ግን ዝርግ ነው። በኋላ ከባልዲው አንጻር ቆሟል፤ ግን ጎድጉዷል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ከባልዲው ጋር ያለው ዝምድና አይደለም። ኒውተን የሚዞረው ከፍጹም ሕዋ አንጻር ነው አለ።

ፈላስፋው ጆርጅ በርክሊ ይህን አልዋጠለትም። በ1721 ባዶ ሕዋ ማለት ማንም ሊያየው የማይችለው ነገር ነው፣ እንቅስቃሴን ከቋሚ ከዋክብት አንጻር መናገር ይበቃናል ብሎ ጻፈ። ከፍልስፍና ክርክር ግን አላለፈም።

በ1851 ሌዮን ፉኮ ፓሪስ ፓንቴዮን ውስጥ 28 ኪሎ የሚመዝን ኳስ በ67 ሜትር ሽቦ አንጠለጠለ። ኳሱ የሚወዛወዝበት መስመር በሰዓት 11 ዲግሪ ገደማ እየዞረ ሲሄድ ሕዝቡ በዓይኑ አየ። ያንኑ ፔንዱለም ሰሜን ዋልታ ላይ ብትሰቅሉት በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንድ ዙር ይጨርሳል። ይህ ከዋክብት በሰማይ ላይ አንድ ዙር የሚጨርሱበት ጊዜ ነው። ኳሱ ዓይን የለውም። የፓንቴዮን ጣሪያም ድፍን ነው። ታዲያ ከዋክብቱ ያሉበትን ማን ነገረው?

ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት ማኽ በ1883 ባሳተመው የሜካኒክስ መጽሐፉ ይህን ጥያቄ ይዞ ሙጭጭ አለ። የኒውተን ባልዲ የሚያሳየው የስስ ባልዲ ግድግዳ በውሃው ላይ ምንም እንደማያደርግ ብቻ ነው አለ። ግድግዳው የብዙ ማይል ውፍረት ቢኖረው ምን እንደሚሆን ማንም ሊነግረን አይችልም። ሐሳቡ በአጭሩ፣ ኢነርሺያ የሚመነጨው በዩኒቨርስ ውስጥ ካለው የሩቅ ቁስ ሁሉ ነው ወደሚል ያመራል። ማኽ ግን እንዴት የሚለውን አልነገረንም። ቀመርም አልሰጠም። ጥርጣሬውን ብቻ ጥሎልን ሄደ። ያ ጥርጣሬ ግን ከብዙ ሰው ቀመር የበለጠ ሥራ ሠርቷል።

ከዚያ በኋላ ነው ሰዎች በእጃቸው መሞከር የጀመሩት። ቤኔዲክትና ኢማኑኤል ፍሪድላንደር የሚባሉ ወንድማማቾች በ1896 ትንሽ መጽሐፍ አወጡ። የሚሽከረከር ከባድ አካል በአጠገቡ ያለውን ነገር በመጠኑ አብሮ መጎተት አለበት ብለው አሰቡ። ኢማኑኤል ጀርመን ውስጥ ፓይነ የሚባል ቦታ ወደሚገኝ የብረት መዳመጫ ፋብሪካ ሄደ። እዚያ ያለው ግዙፍ መዘውር ሲዞር፣ በመዘውሩ አጠገብ በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለ ስስ ሚዛን አቁሞ ይጠመዘዝ እንደሆነ ተመለከተ። እስቲ አስቡት። ፋብሪካው ይንቀጠቀጣል፣ ብረቱ ይጮኻል፣ እሱ ፀጉር የምታክል እንቅስቃሴ ይጠብቃል። አስተማማኝ ውጤት አላገኘም። በኋላ ፊቱን ወደ እሳተ ገሞራ ጥናት አዞረ። ወንድማማቾቹ ግን የኢነርሺያና የስበት ሕግ አንድ መሆን አለበት ብለው በግልጽ ጽፈዋል። አይንሽታይን ያኔ ገና ተማሪ ነበር።

በ1904 ደግሞ አውጉስት ፎፕል ሙኒክ ውስጥ ተገላቢጦሹን ሞከረ። ትልቅ መዘውር ከሌለ፣ ያለን ትልቁ መዘውር ምድር ራሷ ናት። በከባድ ጋይሮስኮፕ፣ ማለትም አቅጣጫውን ይዞ በሚሽከረከር መዘውር፣ የምድርን መሽከርከር ለካ። ከከዋክብት አንጻር ከሚታወቀው ጋር ቢለያይ፣ ምድር ኢነርሺያን እየጎተተች ነው ማለት ነበር። መሣሪያው ሊለይ የሚችለው እስከ 2 በመቶ ድረስ ነው። በዚያ ውስጥ ልዩነት አልታየም። የፈለገው ነገር በእርግጥ አለ፤ ግን ከመሣሪያው አቅም በብዙ ሚሊዮን እጥፍ ያንሳል። እሱን ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ።

የቡዳፔስቱ ሚዛን

ይህ ሁሉ ሲሆን ሎራንድ ኧትቨሽ የሚባል ሀንጋሪያዊ ፊዚክስ በትዕግሥት እንዴት እንደሚሠራ እያሳየ ነበር። የእሱን ሙከራ በደንብ ላስረዳችሁ፤ ምክንያቱም ስበትንና ኢነርሺያን አንድ ሚዛን ላይ ያወጣቸው እሱ ነው።

ምድር ስለምትሽከረከር በላይዋ ያለውን ሁሉ ወደ ውጭ ልትወረውር ትሞክራለች። ኃይሉ ትንሽ ነው። በምድር ወገብ ላይ እንኳ ከስበቱ ከ300 አንድ ገደማ ነው። ይህ መወርወር ንጹሕ የኢነርሺያ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ግንበኛ የሚያንጠለጥለው ቱምቢ ሁለት ጌቶች አሉት። ስበት ወደ ምድር ማዕከል ይጎትተዋል። ኢነርሺያ ከምድር ዛቢያ ያርቀዋል። በቡዳፔስት አካባቢ ቱምቢው በዚህ ምክንያት ከዲግሪ አንድ አሥረኛ ያህል ይዛባል።

አሁን አንዱን ቱምቢ ከፕላቲነም፣ ሌላውን ከመዳብ ሥሩ። ስበትና ኢነርሺያ በሁለቱ ውስጥ የተለያየ ድርሻ ካላቸው፣ ሁለቱ ቱምቢዎች የሚያመለክቱት አቅጣጫ በጥቂቱ ይለያል። ኧትቨሽ ሁለቱን ነገሮች በአንድ አግዳሚ ዘንግ ሁለት ጫፍ አደረገ። ዘንጉን ከመሃሉ በጣም ቀጭን ሽቦ ላይ ሰቀለ። አንዱን ጫፍ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላውን ወደ ምዕራብ አደረገ። ልዩነት ካለ ሽቦው ይጠመዘዛል።

ሽቦው ቀድሞም ትንሽ ተጠምዝዞ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ። መሣሪያውን በሙሉ 180 ዲግሪ አዞረው። ምሥራቅ የነበረው ምዕራብ ሆነ። እውነተኛ ልዩነት ቢኖር ጥምዘዛው ይገለበጣል። የሽቦው የራሱ ጠባይ ግን አብሮት ይዞራል። ሁለቱን ንባብ ስታቀናንሱ የሚቀረው እውነተኛው ነው።

በ1889 ያወጣው ውጤት ከ20 ሚሊዮን አንድ ያህል ልዩነት እንኳ የለም የሚል ነበር። ከ1906 እስከ 1909 ከፔካርና ከፈከተ ጋር ሆኖ እንደገና አጠናከረው። መዳብ፣ ውሃ፣ አስቤስቶስ፣ እንጨት፣ ሞራ ሳይቀር ፈተኑ። የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሽልማት አገኙበት። ሙሉ ጽሑፉ የታተመው ግን በ1922 ነው፣ ኧትቨሽ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ።

የውጤቱ ትርጉም ኧትቨሽ ራሱ ሊያውቀው ከሚችለው በላይ ነው። በአቶም እንብርት ውስጥ ያሉ ቅንጣቶችን አንድ ላይ የሚይዘው ኢነርጂ ከንጥረ ነገር ንጥረ ነገር ይለያያል። ኢነርጂ ደግሞ መጠነ ቁስ ላይ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ፕላቲነምና መዳብ እኩል ከወደቁ፣ ኢነርጂውም እንደ ቁሱ እኩል ይወድቃል ማለት ነው። ማንም ሳይፈልገው ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ነበር።

ልዩነቱን የሰረዘው ሰውዬ

በ1907 አይንሽታይን በርን ከተማ ውስጥ የፓተንት ቢሮ ሠራተኛ ነው። አንድ ሐሳብ መጣለት። ከጣሪያ የሚወድቅ ሰው በመውደቅ ላይ እያለ ክብደቱ አይሰማውም። ከኪሱ የሚወጣው ሳንቲም ሁሉ አጠገቡ ተንሳፍፎ ይቀራል። በኋላ ይህን የሕይወቴ እጅግ ደስተኛው ሐሳብ ብሎታል። የሚገርመው፣ የኧትቨሽን ሙከራ ገና አላወቀም ነበር። እኩልነቱ ትክክል መሆኑን ግን ቅንጣት አልተጠራጠረም።

ከየትኛውም ኮከብ ርቃ ያለች ዝግ ክፍል አስቡ። ወለሏ በየሰከንዱ ፍጥነቷን 9.8 ሜትር በሰከንድ እየጨመረ ወደ ላይ ይገፋታል። ውስጧ ሆናችሁ መዶሻና ላባ ብትለቁ ሁለቱም እኩል ይወድቃሉ። ለምን? ምንም የሚስባቸው ስለሌለ ነው። ባሉበት ቀርተዋል፤ ወለሉ ነው የመጣባቸው። እዚህ ክፍል ውስጥ እኩል መውደቅ ምንም ምስጢር የለውም። አይንሽታይን ከዚህ ተነሥቶ፣ ስበትም ይኸው ነው አለ።

ይህ ከሱ በፊት ከተሞከረው ሁሉ ይለያል። ሌሎቹ ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ ፈለጉ። እሱ ወንዙ የለም አላቸው። በ1915 ባጠናቀቀው አጠቃላይ የሪላቲቪቲ ቲዎሪ በነጻ የሚወድቅ ነገር ምንም ኃይል አያርፍበትም። በተጣመመው ሕዋ-ጊዜ፣ ማለትም ሕዋና ጊዜ አንድ ላይ በተሸመኑበት፣ ውስጥ የተፈጥሮ መንገዱን ነው የሚሄደው። አሁን ወንበራችሁ ላይ የተቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ ከመንገዳችሁ የተገፋችሁት። ክብደት የምትሉት ወንበሩ እናንተን መግፋቱ ነው።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች የተቀላቀሉ ይመስለኛል። አንደኛው፣ ስበትና ኢነርሺያ ለምን እኩል ሆኑ ነው። እሱ መልስ አግኝቷል። ሁለተኛው የማኽ ነው፤ ኢነርሺያ ራሱ ከየት መጣ? አይንሽታይን ሁለቱንም በአንድ ድንጋይ የመታ መስሎት ነበር።

በ1912 ፕራግ ሳለ አንድ ነገር በሌላ ቁስ ቢከበብ ኢነርሺያው እንደሚጨምር አሰላ። በ1913 ለማኽ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ሐሳብህ ሊረጋገጥ ነው የሚል መንፈስ ያለው። በ1917 ዩኒቨርሱን ዝግ አድርጎ የሣለበት አንዱ ምክንያት ኢነርሺያ ሙሉ በሙሉ ከቁስ እንዲመነጭ ነው። በዚያው ዓመት ግን የሆላንዱ ቪለም ደ ሲተር የአይንሽታይንን ቀመሮች ፈትቶ አንድ ዩኒቨርስ አቀረበ። ውስጡ ምንም ቁስ የለም። ኢነርሺያ ግን አለ። አይንሽታይን ተከራከረ፣ አልሆነለትም። የማኽ መርህ የሚለውን ስም በ1918 ያወጣው እሱ ራሱ ነው። በ1954፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ከዚህ በኋላ ስለዚህ መርህ መናገር የለብንም ብሎ በደብዳቤ ጻፈ።

በነገራችን ላይ ማኽ ከሞተ በኋላ፣ በ1921፣ በእሱ ስም ሪላቲቪቲን የማይቀበል መቅድም ታትሟል። እውነት እሱ ነው የጻፈው ወይስ ልጁ የሚለው እስካሁን ያጨቃጭቃል። የምርቃት ልጅ አባቱን ሲክድ አይተናል፤ አባት ልጁን ከመቃብር ሲክድ ግን ብርቅ ነው።

የማኽ ነገር እንዴት ቀረ?

ሙሉ በሙሉ አልቀረም። በ1918 ሃንስ ቲሪንግ በአይንሽታይን ቀመሮች አሰላና፣ የሚሽከረከር ባዶ ኳስ በውስጡ ያለውን ነገር በመጠኑ አብሮ እንደሚያዞር አገኘ። ፍሪድላንደር ፋብሪካ ውስጥ የፈለገው ይህ ነበር። ማኽ የጠየቀው የወፍራሙ ባልዲ ጉዳይም መልስ አገኘ ማለት ነው፤ ወፍራም ግድግዳ ውሃውን ይጎትታል። ምድር የምትጎትተውን ለመለካት ግን እስከ 2004 መጠበቅ ግድ ሆነ። ግራቪቲ ፕሮብ ቢ የተባለው ሳተላይት አራት የኳርትዝ ኳሶችን ጠፈር ውስጥ አሽከረከረ። በ2011 የወጣው ውጤት የኳሶቹ ዛቢያ በዓመት 37.2 ሺኛ የቅስት ሰከንድ ተጎትቷል የሚል ነው። ስህተቱ ወዲህም ወዲያም 7.2 ነው። ቲዎሪው የጠበቀው 39.2 ነበር። አንድ የቅስት ሰከንድ ከዲግሪ 3,600ኛው ክፋይ ነው። እሱን እንደገና ለሺህ አካፍሉት። ፎፕል በ2 በመቶ መሣሪያው ለምን እንዳላየው አሁን ገባችሁ?

መጎተቱ እንግዲህ አለ። ግን መጎተት ሌላ፣ ምንጭ መሆን ሌላ።

በ1953 ዴኒስ ሻማ፣ በኋላ የስቲቨን ሆኪንግ አስተማሪ የሆነው፣ ሌላ መንገድ ሞከረ። በኤሌክትሪክ አንድ ቻርጅ ፍጥነቱን ሲለውጥ በሩቅ ያሉት ላይ ኃይል ያሳርፋል። ስበትም እንዲህ ያለ ጠባይ ቢኖረውስ? እናንተ ፍጥነታችሁን ስትለውጡ፣ ከእናንተ አንጻር ዩኒቨርሱ በሙሉ ወደ ኋላ ፍጥነቱን እየለወጠ ነው። የዚያ ሁሉ ቁስ ጉተታ ተደምሮ ነው ወደ ኋላ የሚይዛችሁ። ኃይሉ በርቀት በጣም ቀስ ብሎ ስለሚቀንስ የሩቁ ከቅርቡ ይበልጣል። በሻማ ስሌት የፀሐይ ድርሻ ከመቶ ሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። ጋላክሲያችን እንኳ ከአሥር ሚሊዮን አንድ ያህል ቢያዋጣ ነው። የቀረው በሙሉ ከማናያቸው የሩቅ ጋላክሲዎች ነው። ሞዴሉ ሙሉ ቲዎሪ አልሆነም፤ ሻማም ይህን ያውቅ ነበር። ውበቱ ግን አይካድም።

በ1958 ኮኮኒና ሳልፒተር የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት ይህን ለመፈተን የሚያስችል ጥያቄ አነሱ። ኢነርሺያ ከቁስ የሚመጣ ከሆነ፣ ጋላክሲያችን በአንድ በኩል ስለሚበዛ፣ ወደዚያ አቅጣጫ መግፋትና ወደ ሌላው መግፋት ትንሽ መለያየት አለበት። ቨርኖን ሂዩዝ አሜሪካ ውስጥ፣ ሮናልድ ድሬቨር ስኮትላንድ ውስጥ ፈተሹት። የድሬቨርን ስሙልኝ። በቤተሰቡ ቤት ጓሮ ውስጥ፣ በመኪና ባትሪዎች ነው የሠራው። የሊቲየም አቶሞችን እንብርት ምድር ከጋላክሲው አንጻር ስትዞር 24 ሰዓት ተከታተለ። አቅጣጫ ለውጥ ቢያመጣ የሚሰማው ድምፀት ይከፈል ነበር። አልተከፈለም። ያ ጓሮ ውስጥ የተሠራ ሙከራ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ትክክለኛ ከሆኑት አንዱ ነው። ድሬቨር በኋላ የስበት ሞገድ መፈለጊያውን ላይጎን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

ማኽ ተሸነፈ? አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዲኪ አይደለም አለ። ሁሉም ነገር፣ መለኪያውም ጭምር፣ በአንድ ዓይነት ቢለወጥ ምንም አይታይም። መልሱ ትክክል ነው። ግን እንዲህ በተነካ ቁጥር የሚንሸራተት ሐሳብ ላይ እኔ በግሌ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ዲኪ ራሱ ግን አልሸሸም። በ1961 ከካርል ብራንስ ጋር፣ የስበት ጥንካሬ በዩኒቨርሱ ቁስ የሚወሰንበት፣ ሊፈተን የሚችል ቲዎሪ አወጣ። በ1964 ደግሞ ከሮልና ከክሮትኮቭ ጋር የኧትቨሽን ሙከራ በወርቅና በአሉሚኒየም ደገመ። እዚህ ላይ በምድር ፈንታ በፀሐይ ስበት ተጠቀሙ። መሣሪያውን ማዞር አያስፈልግም፤ ምድር ራሷ በ24 ሰዓት ታዞረዋለች። ልዩነት እስከ ከመቶ ቢሊዮን ጥቂት ክፍል ድረስ አልተገኘም። ቲዎሪውን ግን በ2003 ወደ ሳተርን የተላከው የካሲኒ መንኮራኩር ራዲዮ ሞገድ ጥግ አስያዘው። ከአይንሽታይን የሚለይበት ቦታ ካለ እጅግ ጠባብ ነው።

እኩልነቱ ራሱ ምን ላይ ደረሰ? በ2016 ፈረንሳዮች ማይክሮስኮፕ የተባለ ሳተላይት አመጠቁ። ውስጡ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ የፕላቲነምና የቲታኒየም ቱቦዎች ነበሩ። በ2022 የወጣው የመጨረሻ ውጤት ከሺህ ትሪሊዮን ጥቂት ክፍል ድረስ ልዩነት የለም ይላል። በ2023 ደግሞ በአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል ሰርን ውስጥ ፀረ-ሃይድሮጅንም፣ የሃይድሮጅን ፀረ-ቁስ፣ ወደ ታች እንደሚወድቅ ታየ። ፀረ-ቁስ ወደ ላይ ይሄዳል ብለው ለሚመኙ አሳዛኝ ዜና ነው።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ስለሚነሣ ቀድሜ ልመልሰው። ሂግስ ይህን አልፈታውም ወይ? አልፈታውም። የሂግስ መስክ ኤሌክትሮንና ኳርክ ለምን መጠነ ቁስ እንዳላቸው ይነግረናል። በፕሮቶን ውስጥ ያሉት ኳርኮች ግን ከፕሮቶኑ መጠነ ቁስ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። የቀረው ኳርኮቹ ሲራወጡና ሲተሳሰሩ የሚይዙት ኢነርጂ ነው። ይህ ሁሉ የሚነግረን የመጠነ ቁስ መጠን ከየት እንደመጣ ነው። መጠነ ቁስ ያለው ነገር ሲገፉት ለምን እንቢ ይላል፣ ከምንስ አንጻር የሚለውን አይነካም። አንድ ሰው በዚህ ላይ ሊሞግተኝ ይችላል፤ ደስ ይለኛል። ማይክሮፎኑ ወደ ኋላ ይሂድና ከዚያ እንጀምር።